ከፍኖተ ሰላም እስከ አዲስ አበባ፤ የርቀትና የበረራ ሰዓት ታሪክ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ርቀት ለብዙ ዘመን የተለካው በቀን መንገድ ነው። የግማሽ ቀን ወይም የሁለት ቀን መንገድ ሲባል፣ ዳገቱንና ቁልቁለቱን፣ የወንዙን ሙላትና የጋማ ከብቱን ድካም ሁሉ አጠቃልሎ የሚይዝ ልኬት ነበር። ኪሎ ሜትርና የበረራ ሰዓት ከመጡ ወዲህ ቁጥሩ ይበልጥ የተጣራ ሆኗል፤ ነገር ግን መንገደኛው በእርግጥ የሚያጠፋውን ጊዜ ሁልጊዜ አይገልጽም።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወሰን ተሻግረው፣ በበላያ ተራራ አድርገው ጎጃም ገቡ። የጣሊያን ምሽግ የነበረችው ቡሬ በየካቲት ወር መጨረሻ ተለቀቀች። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማም ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስሟን ያገኘችው ከንጉሠ ነገሥቱ ነው። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን ሲሆን፣ ጉዞው ከነውጊያው 105 ቀን ፈጅቷል። ለደጋው አየርና ለዳገቱ ያልተፈጠሩት የጭነት ግመሎች አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ። መጋቢት 30 ቀንም በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። ሥራውን የጀመረባቸው ሲ-47 የተባሉት አይሮፕላኖች፣ የዲሲ-3 ወታደራዊ አምሳያ እንደ መሆናቸው መጠን፣ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይበሩ ነበር።

ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር በቀጥታ መስመር 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየብስ ግን፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል፣ ከ560 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ይሆናል። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት የዓባይ ሸለቆ ነው፤ ጎሐ ጽዮንና ደጀን በቀጥታ መስመር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲራራቁ፣ ወርዶ የሚወጣው መንገድ የዚያን እጥፍ ያህል ነው።

ፍኖተ ሰላም በየብስ ከአዲስ አበባ 387፣ ከባሕር ዳር 176 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስለዚህ በባሕር ዳር በኩል በአይሮፕላን የሚጓዝ የፍኖተ ሰላም ሰው፣ አስቀድሞ ወደ ኋላ 176 ኪሎ ሜትር በመኪና ይሄዳል። ከዚያም የሚበረው 330 ሲደመርበት ጉዞው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ይኸውም በቀጥታ በመኪና ቢሄድ ከሚጓዘው ይበልጣል። የመኪናው ፍጥነት በአማካይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ እስከ ባሕር ዳር ብቻ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ማድረግ ይቻላል። ከዲሲ-3 ዘመን እስከ ኪው-400 በስድሳ ዓመታት ውስጥ የአይሮፕላኑ ፍጥነት ከእጥፍ በላይ አድጓል። ይህ ሁሉ ዕድገት ግን በ330 ኪሎ ሜትር በረራ ላይ የሚያተርፈው 40 ደቂቃ ያህል ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ላይ የመኪናው አማካይ ፍጥነት ከ50 ወደ 60 ከፍ ቢል ደግሞ 35 ደቂቃ ይተርፋል።

በየካቲት 2013 ዓ.ም. የተመረቀውን የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚመግበው ገበሬም ሒሳቡ ይኸው ነው፤ የሚበላሽ ምርቱ ከማሳው እስከ ዋናው መንገድ የሚቆይበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ይቈጠራል። የጥንቱ የቀን መንገድ የጉዞውን ጊዜ ከቤት ደጃፍ ጀምሮ ይቈጥር ነበር። የዛሬው መሐንዲስም የበረራ ሰዓትን ሲያሰላ ሒሳቡን ከዚያው ደጃፍ ሊጀምር ይገባዋል።