ባለፈሳሽ ራስ

በፊልምና በቪዲዮ ሥራ የተሰማሩ ወገኖቻችን «ፍሉይድ ሄድ» እያሉ የሚጠሩት መሣሪያ፣ በካሜራውና በትራይፖዱ መካከል ተቀምጦ ካሜራው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እንዲዞር፣ ወደ ላይና ወደ ታችም እንዲያዘነብል የሚያደርገው ክፍል ሲሆን፣ ከተራው የትራይፖድ ራስ የሚለየውም በሆዱ ውስጥ የታሸገ ዝልግልግ ፈሳሽ ስላለው ነው። ስሙን ቃል በቃል «ፈሳሽ ራስ» ብሎ መመለስ መሣሪያውን ራሱን የሚፈስ ነገር ያስመስለዋል፤ «ርእሰ ቅብዕ» ብሎ በግእዙ ማክበርም፣ ምንም እንኳ ለጆሮ ቢያምር፣ ቅብዕ በቤተ ክርስቲያን ሌላ የከበረ ምሥጢር የተሸከመ ቃል ስለ ሆነ፣ ደግሞም እዚህ የሚፈለገው ማለስለስ ብቻ ሳይሆን መግታትም ስለ ሆነ፣ ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም። ስለዚህ «ባለፈሳሽ ራስ» እንዲባል እመርጣለሁ፤ ፈሳሹ የራሱ ገንዘብ መሆኑን ያስታውቃልና።

የፈሳሹ ግብር እንዲህ ነው። ደረቅ ብረት በደረቅ ብረት ላይ ሲፋተግ ከመነሻው ይያዝና፣ የሚገፋው ኀይል በርትቶ ሲያሸንፈው በድንገት ይለቃል፤ በዚህም ምክንያት በተራ ራስ ላይ የተቀመጠ ካሜራ ቀስ ብሎ መዞር ሲጀምር ይዘላል፣ ሊቆም ሲልም ይንገጫገጫል፣ ተመልካቹም በሥዕሉ ውስጥ ያለውን ሰው ትቶ የካሜራውን ባለሙያ እጅ መመልከት ይጀምራል። ዝልግልግ ፈሳሽ ግን፣ በማር ማሰሮ ውስጥ ማንኪያ ያማሰለ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዝግታ ለሚሄድ በዝግታ ይለቃል፣ ለሚቸኩል ደግሞ በችኮላው ልክ ይጠነክርበታል፤ ተቃውሞው ከፍጥነቱ ጋራ አብሮ የሚያድግ በመሆኑም የእጅን ጥቃቅን መንቀጥቀጥ ውጦ ያስቀረዋል። በጥሩዎቹ ራሶች ውስጥ ይህ ፈሳሽ በተደራረቡ ቀጫጭን ዲስኮች መካከል የተያዘ ወፍራም የሲሊኮን ግራሶ ሲሆን፣ ባለሙያው ቁልፉን እያዞረ የተቃውሞውን መጠን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። እኔ ይህን ተቃውሞ «ልጓም» ብዬዋለሁ። ርካሽ ከሆኑት መካከል ግን በሁለት ብረቶች መካከል ጥቂት ግራሶ ከመቀባት በቀር ሌላ ምሥጢር የሌላቸው፣ ስሙን ብቻ የተዋሱ ብዙ ናቸው።

ብልሃቱ አዲስ አይደለም። አውስትራሊያዊው ኤሪክ ሚለር በ1946 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል፤ በአሜሪካም ቻድዌል ኦኮነር የተባለ መሐንዲስ፣ በእንፋሎት የሚሄዱ ባቡሮችን በፊልም ማንሳት እጅግ ይወድ ስለ ነበር፣ የሚገሠግሠውን ባቡር ሳይናወጥ የሚከተልበትን ባለፈሳሽ ራስ ለራሱ ሠርቶ፣ በኋላ ዋልት ዲዝኒን ከመጀመሪያዎቹ ፈላጊዎች አንዱ አድርጎ አግኝቶታል። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚም ለዚሁ ሥራው የ1975ን ዓመት የሳይንስና የምሕንድስና ሽልማት ሰጥቶታል።

ለእኛ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታይበት ስፍራ ቅኔ ማሕሌት ነው እላለሁ። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ቆመው ዝማሜውን በመቋሚያ ሲጀምሩ፣ ካሜራው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው መሻገር የሚገባው በዜማው እርጋታ ልክ ነው፤ ጽፋቱ ሲፋጠን፣ ከበሮውም ሲጠብቅ፣ ከከበሮ መቺው እጅ ተነሥቶ ወደ ፊቱ ቀና ማለት ያስፈልጋል፤ ይህን ሁሉ በደረቅ ራስ ለመሥራት የሞከረ፣ የሥርዓቱ ግርማ በሥዕሉ መንገጫገጭ እንዴት እንደሚጎድፍ ያውቀዋል። ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተንና ለንደን ባሉ አጥቢያዎች አገልግሎቱ በቀጥታ ሲተላለፍ፣ አንድ ቀላል መስታወት አልባ ካሜራና አንድ በትከሻ የሚያዝ አሮጌ ከባድ ካሜራ በየተራ በአንድ ትራይፖድ ላይ ሊወጡ ይችላሉ፤ ገንዘቡም ከምእመናን መዋጮ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ለሁለቱም የሚበጅና ዋጋው የማያስመርር ራስ መርጦ መግዛት ትልቅ አደራ ነው።

በዚህ ምርጫ ብዙዎችን የሚያስተው በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የኪሎ ግራም ቁጥር ነው። ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ሳይጎዳ የሚሸከመውን እንጂ በሚዛን የሚይዘውን ክብደት አይናገርም። ካሜራ ወደ ፊት ባዘነበለ ጊዜ ክብደቱ ወደ መሬት ይጎትተዋል፤ ይህን ጉተታ የሚቃወመው ፈሳሹ ሳይሆን በራሱ ውስጥ ያለው፣ መካኒኮች ሞላ የሚሉት ስፕሪንግ ነው፤ ሥራውንም «ሚዛን መላሽ» ብንለው ይስማማዋል። የጉተታው ኀይል የሚለካው በክብደት ብቻ አይደለም፤ የካሜራው የክብደት ማእከል ከማዘንበያው ዘንግ በላይ ያለው ከፍታም ይባዛበታል። አንድ ኪሎ ግራም የሚመዝን ካሜራ ማእከሉ 8 ሳንቲሜትር ከፍ ቢል፣ 6 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ደግሞ 12 ሳንቲሜትር ቢል፣ ክብደታቸው በ6 እጥፍ ሲለያይ ጉተታቸው ግን በ9 እጥፍ ይለያያል። አንድ የማይለወጥ ሞላ ይህን ስፋት ሊያስታርቅ አይችልም። ለምሳሌ የማንፍሮቶ 502 ራስ ሞላው ለ4 ኪሎ ግራም ያህል ተወስኖ የተሠራ ስለ ሆነ፣ አንድ ኪሎ ግራም የሆነ ካሜራ ጭነው ወደ ታች ቢያዘነብሉት እጅ ሲለቀቅ ወደ ላይ ይመለሳል፤ መሣሪያው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ሸክሙ ስላነሰው ነው። እንዲህ ያለ ራስ የገዛ ሰው ተቆጣጣሪ ስክሪን ወይም ትልቅ ባትሪ ቢጨምርበት፣ ወይም ካሜራውን በመደላድል ከፍ ቢያደርገው፣ ችግሩ ይቀልለታል።

ስለዚህ ለቀላልም ለከባድም የሚሆን ራስ የሚፈልግ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሚዛን መላሹ በደረጃ የሚለወጥ መሆኑን ይጠይቅ። የዛክትለር ኤይስ ኤም እስከ 4 ኪሎ ግራም ድረስ 5 ደረጃ አለው፤ ለቀላል ካሜራ እጅግ ያማረ ነው፣ ለትከሻ ካሜራ ግን አይሆንም። የማንፍሮቶ 504ኤችዲ በአንጻሩ ለ0፣ ለ2.5፣ ለ5 እና ለ7.5 ኪሎ ግራም የሚቀያየር ደረጃ ስላለው፣ ምንም እንኳ በአዲስ ሞዴል የተተካ ቢሆን፣ በሁለተኛ እጅ ገበያ ሲገኝ ሁለቱንም የሚያስተናግድ አድርጌ እቈጥረዋለሁ። ቀላሉ ካሜራ በዜሮው ላይ ሲቀመጥ ሞላው አይረዳውም፣ ልጓሙም መውደቁን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፤ ጉተታው ትንሽ ስለ ሆነ ግን እጅ በቀላሉ ይይዘዋል። አሥር ኪሎ እሸከማለሁ ብሎ ከሚፎክር፣ ሞላው አንድ ብቻ ከሆነ አዲስ ርካሽ ራስ፣ ይህን አሮጌውን ሳላመነታ እመርጣለሁ።

ከሱቁ ሳይወጡ መፈተን ይገባል። ካሜራውን ከነሌንሱና ከነባትሪው በተንሸራታቹ ሰሌዳ ላይ አስቀምጦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንሸራተቱ ካስተካከሉ በኋላ፣ ልጓሙን ወደ ዜሮ አውርዶ ካሜራውን ጥቂት አዘንብሎ፣ እጅን ከሥሩ ሳያርቁ መልቀቅ ነው፤ ባለበት ከቆመ ሚዛኑ ገጥሟል፣ ከወደቀ ሞላው ደካማ ነው፣ ከተነሣ በርትቶበታል። ቀጥሎ ልጓሙን ከፍ አድርጎ በአንድ ጣት ብቻ መያዣውን እየገፉ፣ የሌንሱን ጠባብ እይታ በአንድ ቀጥ ያለ የበር መቃን ላይ ማሳለፍና በመጨረሻ ጣትን ማንሣት ያስፈልጋል፤ መቃኑ በሥዕሉ ውስጥ ወደ መጣበት ጥቂት ከተመለሰ፣ ያ ራስ ለረጅም ሌንስ አይሆንም። ከእግሮቹ ጋራ መግጠሙንም ማየት ነው፤ ጎድጓዳ መቀመጫ ያላቸው እግሮች ለቀላሎቹ በ75፣ ለከባዶቹ በ100 ሚሊሜትር ስለሚሠሩ፣ አንዱ ለሌላው ያለ አስማሚ አይገባም። አሮጌ ራስ የሚገዛ ደግሞ በመገጣጠሚያዎቹ ዙሪያ ግራሶ አፍስሶ እንደ ሆነ በጣቱ ይዳስስ፣ እያንዳንዱንም የልጓም ደረጃ ለየብቻው አዙሮ ልዩነቱን በእጁ ይስማ።