ገመናና ስም፦ የዶክተር ጄኪልን ታሪክ ከወላይታ ሆኖ ማንበብ

ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1886 ያሳተመው የዶክተር ጄኪልና የሚስተር ሃይድ ታሪክ በአንድ ሰው ውስጥ ስለሚታገሉ ሁለት ባሕርያት የተጻፈ ተደርጎ ይነበባል። በእኔ እምነት ይህ ንባብ የጎረቤቱን ድርሻ ይዘነጋል። ጄኪልን ከሸሸጉት መካከል ወዳጆቹም አሉ። ሃይድ ሕፃን ልጅ ረግጦ ሲያልፍ 100 ፓውንድ ካሳ ይከፍላል፤ የሚበዛው ገንዘብ የተከፈለበት ቼክ ላይ ግን የአንድ የተከበረ ሰው ፊርማ አለ። ጠበቃው አተርሰን የጄኪልና የሃይድ የእጅ ጽሑፍ እንደሚመሳሰል ከቢሮ ጸሐፊው ሲሰማ ነገሩ እንዳይወራ አሳስቦ የሃይድን ደብዳቤ ካዝናው ውስጥ ይቆልፍበታል። የባለስም ገመና በባለስሞች ተሸፈነ።

በወላይታ የሸክላ ሠሪዎች ዕጣ የዚህ ተገላቢጦሽ ነበር። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. በምኒልክ ጦር ድል እስከሆኑ ድረስ በቆየው መንግሥት ጭናሻ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች ከሌላው ጋር አይጋቡም፣ በአንድ ማዕድ አይቀመጡም ነበር። እነሱ የሠሩት ድስት በየቤቱ ምድጃ ላይ ይጣዳል፤ እነሱ ግን ከደጅ አያልፉም። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በጉልበቱ ለማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት ሲፈቅድ የኑሮው በር ተከፈተ። የጋብቻው በር እስከ ዛሬ በቅጡ አልተከፈተም። የሸክላ ሠሪ ልጅ ሶዶ ተምሮ ሥራ ይዞ፣ ሽማግሌ የላከ ዕለት የዘር ሐረጉ ይቆጠራል። ያኔ የትውልዱን ነገር አንስቶ የሚያወራ እንጂ እንደ አተርሰን የሚሸፍንለት አይገኝም።

ከልቦለዱ ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ ግን ሃይድን ያዩ ሰዎች ሁሉ ጎዶሎ ነገር አለበት ማለታቸው፣ ምን እንደሆነ ግን አንዳቸውም መናገር አለመቻላቸው ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ሲባሉ የኖሩት በዚሁ ዓይነት ዳኝነት ነው፤ ከሳሹ ብዙ፣ ማስረጃው ባዶ። ሃይድ እንኳ በሥራው ነፍሰ ገዳይ ነበር። የሸክላ ሠሪዋ ሥራ ጭቃ ማቡካትና ማበጀት ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ሐሜት ግን በአዋጅ አልቆመም።

ስለዚህ ይህን ልቦለድ በሶዶም ሆነ በሌላ ከተማችን የምታስተምሩ መምህራን፣ ጄኪል ምን ደበቀ ብላችሁ ስትጠይቁ አተርሰን ለሸክላ ሠሪ ልጅም አፉን ይዘጋ ነበር ወይ የሚለውንም ለተማሪዎቻችሁ አንሱላቸው።