ባለቀለም ዘንጎችና የቁጥር ትምህርት

ለሕፃን የሚዳሰስ ነገር በእጁ ሰጥቶ ቁጥር ማስተማር አዲስ ሐሳብ አይደለም። ፍሬድሪክ ፍሮቤል በጀርመን አገር በባድ ብላንከንቡርግ እ.ኤ.አ. በ1837 የጨዋታና የሥራ ተቋማቸውን ሲከፍቱ፣ ለልጆች ካዘጋጇቸው «ስጦታዎች» አንዱ ወደ ስምንት ትናንሽ ኩቦች የሚከፈል የእንጨት ኩብ ነበረ። ማሪያ ሞንቴሶሪም እ.ኤ.አ. በ1907 በሮማ ከተማ የልጆች ቤት ከፍተው አሥር አሥር ሆነው በተሰኩ ዶቃዎች ሒሳብ ወደ ማስተማር ደርሰዋል። በአንደኛ ደረጃ ት/ቤት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ግን ብዙ ክርክር ያስነሣው የአንድ ቤልጂጋዊ መምህር ሥራ ነው።

ዦርዥ ኩዊዝኔር በቱዌን ከተማ የሚያስተምሩ የሙዚቃ ሰው ነበሩ። ዜማን በደስታ የሚቀበሉ ልጆች ሒሳብ ሲመጣ የሚጨነቁበት ምክንያት ያሳስባቸው ነበር። ከዚህም የተነሣ ርዝመታቸው ከአንድ እስከ አሥር ሴንቲሜትር የሆነ፣ ውፍረታቸው በሁሉም በኩል አንድ ሴንቲሜትር የሆነ አሥር ዓይነት ትናንሽ የእንጨት ዘንጎች ሠርተው ቀለም ቀቧቸው። ለዓመታት በክፍላቸው ከተጠቀሙባቸው በኋላም እ.ኤ.አ. በ1952 ስለ ቁጥሮች በቀለም የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተሙ።

ቀለሞቹ በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። ሁለት፣ አራትና ስምንት ቀይ፣ ወይን ጠጅና ቡናማ በመሆናቸው አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሦስት፣ ስድስትና ዘጠኝ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ወገን ናቸው፤ አምስትና አሥር ቢጫና ብርቱካናማ ናቸው። ዘመድ የሌለው ሰባት ብቻውን ጥቁር ሆኖ ቀርቷል፤ አንድም ነጭ ነው። ከቀለሙ ይልቅ የሚደነቀው ግን በዘንጎቹ ላይ አለመኖሩ ነው፤ አንድም የመለያ መስመር አልተጫረባቸውም። መስመር ቢኖር ልጁ ጣቱን እያሳለፈ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ይቈጥር ነበር። መስመሩ ስለሌለ ግን ሁለቱን ዘንጎች ጎን ለጎን አስተኝቶ ማወዳደር ግድ ይሆንበታል። ቢጫው የብርቱካናማው ግማሽ መሆኑን ክፍልፋይ የሚባለውን ስም ሳይሰማ በዓይኑ ያያል።

ከጨዋታዎቹ ሁሉ በጣም ፍሬያማው የባቡር ጨዋታ ነው። ልጁ ወይን ጠጁን ዘንግ ያስቀምጥና፣ ዘንጎችን ጫፍ ለጫፍ እየቀጠለ በርዝመት እኩል የሚሆኑትን «ባቡሮች» ሁሉ እንዲሠራ ይጠየቃል። ቀዩ ፊት ሆኖ ነጮቹ ሲከተሉና ነጮቹ ቀድመው ቀዩ ሲከተል እንደ ሁለት ባቡር ከተቈጠሩ፣ ራሱን ወይን ጠጁን ጨምሮ ስምንት ይገኛሉ። ለቢጫው ዐሥራ ስድስት፣ ለስድስቱ ሠላሳ ሁለት ይሆናሉ። ይህን እጥፍ ልጁ በራሱ ሲደርስበት፣ መምህሩ ሊያደርግ የሚገባው ትልቁ ሥራ ዝም ማለት ነው። (ይህም ለእኛ ለመምህራን ቀላል አይደለም።)

ዘንጎቹን ለዓለም ያስተዋወቁት በእስክንድርያ የተወለዱት የሒሳብ ሊቅ ካሌብ ጋቴኞ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1953 ቱዌን ሄደው የኩዊዝኔርን ክፍል ጎበኙ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለው በእንግሊዝ አገር በሒሳብ ትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ላይ የሚሠራ የመምህራን ማኅበር አቋቁመው ነበርና፣ የዘንጎቹ ዜና ከክፍል ወደ ክፍል የተላለፈው በአብዛኛው በሙያ ጓዶች መካከል ነው።

የጋቴኞ ታሪክ ወደ አገራችንም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1957 በዩኔስኮ ተልእኮ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የአማርኛን ንባብ በቀለም የማስተማር ዘዴ አወጡ። በዘንጎቹ ርዝመትን ይወክል የነበረው ቀለም እዚህ ድምፅን ወከለ። በኋላም ዘዴውን ለእንግሊዝኛና ለሌሎች ቋንቋዎች ሲያዘጋጁ፣ በግድግዳ ላይ የሚሰቀሉትን የድምፅና የሆሄ ሠንጠረዦች «ፊደል» ብለው በእኛው ቃል ጠሯቸው። በውጭ አገር ያን ሠንጠረዥ የሚጠቀሙ መምህራን ስንቶቹ የስሙን ምንጭ እንደሚያውቁ እንጃ።

በዘንጎቹ ላይ የቀረበው ወቀሳ ቀላል አልነበረም። የሃንጋሪ ተወላጁ ዞልታን ዲኔሽ አንድ ሐሳብ በአንድ ዓይነት መሣሪያ ብቻ ሊታይ አይገባውም፣ ልጁ ያንኑ ሐሳብ በልዩ ልዩ ቁሳቁስ ካላገኘው የቁሳቁሱን ጠባይ የሐሳቡ ጠባይ አድርጎ ይወስደዋል ሲሉ ተከራከሩ። ይህ ክርክር እውነት አለው። «ሰባት ማለት ምን ማለት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ጥቁር» ብሎ የሚመልስ ልጅ፣ የማባዣ ሠንጠረዥን ያለ ትርጉም ከሚያነበንበው ጓደኛው የተሻለ ነገር አልተማረም። መምህሩ የቀለሙን ስም ካስጠና፣ ዘንጉ ከጥቁር ሰሌዳው ጽሕፈት በምንም አይለይም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ጉድለቱ ከዘንጎቹ ሳይሆን ከአሰጣጡ ነው፤ የዲኔሽን ምክር ተቀብሎ ጠጠሩንም፣ ባቄላውንም፣ የገበጣውንም ጉድጓድ አብሮ ማሠራት ይቻላል።

ሣጥኑን ለመግዛት አቅም የሌለው ት/ቤት ዘንጎቹን ራሱ ሊያሠራ ይችላል፤ ቀጥ ያለ እንጨት፣ መጋዝና ቀለም ይበቃል። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ግን አለ። በእያንዳንዱ ነጭ ላይ አንድ ሚሊሜትር ቢተርፍ፣ ዐሥሩ ነጮች ሲሰለፉ ብርቱካናማውን በአንድ ሴንቲሜትር ይበልጡታል፤ ልጁም ዐሥር ዘጠኝ ነጭ ብቻ እንደሚይዝ በገዛ ዓይኑ ያያል። ስለዚህ መጀመሪያ ብርቱካናማው ይቈረጥ፣ ሌሎቹም በእርሱ ላይ እየተለኩ ይቈረጡ፤ ቀለም የሚቀቡትም ሁሉም ጎን ለጎን ተስተኝተው ከተፈተሹ በኋላ ነው።