ወቅፍ፦ የሕዝብ ሥራ ገንዘብ ከየት ይመጣ ነበር?



የመስጂድ ወይም የመድረሳ ኮሚቴን ሥራ በቅርብ የምታውቁ ከሆነ የሚከተለው ነገር ለእናንተ እንግዳ አይሆንም። የመድረሳው ጣሪያ ያፈሳል፤ ወይም የመንደሩ ሴቶች ውሃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ይሄዳሉ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይመክሩና ፊደል የቆጠረ አንድ ወጣት «ፕሮጀክት» የሚሉትን ወረቀት እንዲያዘጋጅ ይታዘዛል። ወረቀቱ ማኅተም ያርፍበትና ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ እርዳታ ድርጅት ቢሮ፣ አንዳንዴም በሐጅ ተጓዥ ሻንጣ ባሕር ተሻግሮ ወደ አንድ ባለጸጋ ቤት ይጓዛል። አላህ ካለ ገንዘቡ ይገኛል። ክፍሎቹ ይሠራሉ፣ ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ሪባን ይቆረጣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የኡስታዙ ደመወዝ ይቋረጣል፤ የፓምፑ መለዋወጫ መግዣ ይታጣል፤ ያው ወጣት፣ አሁን ሸበት ጣል ጣል አድርጎበት፣ ሌላ ወረቀት ለመጻፍ ይቀመጣል።

ለጋሾች በሚያስሞሉት ቅጽ ላይ አንዲት ጥያቄ አለች፦ የእኛ ገንዘብ ሲያልቅ ሥራው በምን ይቀጥላል? አብዛኞቻችን «በኅብረተሰቡ ተሳትፎ» ብለን እናልፋታለን። መልሱን የጻፈውም ሆነ የሚያነበው ሰው እንደማያምንበት ሁለቱም ያውቃሉ። ይሁንና ጥያቄዋ የዛሬ ለጋሾች የፈጠሯት አይደለችም። ሙስሊሞች በመጀመሪያው የሂጅራ ትውልድ ለርሷ መልስ አግኝተውላት ነበር።

ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 628) ኸይበር ከተከፈተች በኋላ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በዚያ መሬት ደረሳቸው። ከዚያ የሚወዱት ንብረት አልነበራቸውም። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀርበው ምን ባደርገው ይሻላል ሲሉ አማከሩ። ነቢዩም ከፈለግህ መሬቱን ራሱን አቁመህ ፍሬውን ሰድቅ ብለው መከሩዋቸው። ዑመርም መሬቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ አድርገው አሠሩት። የሚያፈራውን ደግሞ ለድሆች፣ ለዘመድ፣ ባሪያዎችን ነፃ ለማውጣት፣ በአላህ መንገድ ላለው፣ ለመንገደኛና ለእንግዳ መደቡት። መሬቱን የሚያስተዳድረው ሰው ሀብት ሳያካብትበት በአግባቡ ከፍሬው ቢበላ ጥፋት እንደሌለበትም ጨመሩ። «ወቅፍ» የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ «ማቆም» ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ በስብከት የሚታለፍ አንድ ነገር ላንሳ። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ዑመር ይህን ወቅፍ በጽሑፍ አስፍረውታል፤ ጸሐፊም ምስክርም ነበረው። በሕይወት እስካለች ድረስ የወቅፉ ኃላፊ እንድትሆን የሾሙትም ልጃቸውን ሐፍሷን (ረ.ዐ) ነው፤ ከርሷ በኋላ ደግሞ ከቤተሰቡ አስተዋይ የሆነው እንዲረከብ አዘዙ። ልብ በሉ፦ የእስልምናን መንግሥት ያስተዳደሩ ሰው ስለ አንድ የቴምር እርሻ «እግዜር ያውቃል፣ ሰዉ ያውቃል» ብለው አልተዉትም። ማን እንደሚይዘው፣ ከርሱ በኋላ ማን እንደሚረከበው፣ ገቢው ለማን እንደሚውል በወረቀት ላይ አኖሩት።

ከዚያ በኋላ የመጡት ፉቀሃእ በዚህ መሠረት ላይ ሰፊ ሕግ ገነቡ። ለጉዳያችን የምትጠቅመው አንዲት ድንጋጌ ነች፦ የወቅፉ ገቢ ከምንም ነገር በፊት የሚውለው ለንብረቱ ለራሱ ጥገና ነው። ድሀውም፣ ተማሪውም፣ ኢማሙም ቢሆን ከጣሪያው በኋላ ነው ድርሻው። በመጀመሪያ ሲሰሙት ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ጣሪያው የፈረሰበት የኪራይ ቤት በሚቀጥለው ዓመት ለድሀው የሚሰጠው ነገር የለውም።

ይህ ሥርዓት የት እንደደረሰ ማየት የሚፈልግ ሰው ከሞሮኮ የተነሣውን ኢብን በጡጣን ይከተል። እ.ኤ.አ በ1326 በረመዳን ወር ደማስቆ ሲገባ የወቅፎቿ ዓይነት ብዛት አስደነቀው። ሐጅ ማድረግ ላልቻለ ሰው የሚተካለት የሚከፈልበት ወቅፍ ነበረ። ቤተሰቦቿ ድሆች ለሆኑ ሙሽራ የሰርግ ልብስና ጌጥ የሚገዛ ነበረ። ምርኮኞችን የሚያስለቅቅ፣ መንገደኞችን የሚያበላና የሚያለብስ፣ የከተማዋን መንገዶች በድንጋይ የሚያስነጥፍና የሚያስጠግን ነበረ። በአንድ ቀን ደግሞ በአንድ ጠባብ መንገድ ሲያልፍ አንድ ወጣት አገልጋይ የያዘው የቻይና ሳህን ከእጁ ወድቆ ተሰበረ። ሰው ከበበው። አንዱ ስብርባሪውን ሰብስበህ የዕቃ ወቅፍ ወደሚይዘው ሰው ውሰደው አለው። ልጁ ወሰደ፤ አሳየ፤ ተመሳሳዩን መግዣ ገንዘብ ተሰጠው። ጌታው ሊቆጣውና ሊመታው ይችል እንደነበር ኢብን በጡጣ ራሱ ያስተውላል። በሰው ቤት ተቀጥሮ ያገለገለ፣ ብርጭቆ የሰበረበትን ቀን የሚያስታውስ አንባቢ የዚህ ወቅፍ መሥራች ምን ዓይነት ልብ እንደነበረው ይገባዋል።

መንገዱን እናስተውል። ዛሬ መንገድ ማንጠፍ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው። በኢስታንቡል እንኳ ማዘጋጃ ቤት የሚባል መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት መቶ ዓመታት የከተማው የውሃ መስመር፣ ምንጩ፣ ሐማሙ፣ ድልድዩ፣ ሆስፒታሉና ትምህርት ቤቱ በአብዛኛው የሚቆመው በወቅፍ ነበር። ሱልጣን ቀላዉን እ.ኤ.አ በ1284 እና በ1285 መካከል በካይሮ ያሠሩት ታላቅ ሆስፒታል ወንድና ሴት፣ ሀብታምና ድሀ ሳይለይ እንዲያክም በወቅፍ ሰነዱ ተደንግጎ ነበር። ገንዘቡ የሚመጣው በየዓመቱ ከሚለመን ሳይሆን ከሚከራዩ ሱቆች፣ ከሐማሞችና ከእርሻዎች ነበር።

ስለ አንዱ ጠጋ ብለን እንመልከት። የሱልጣን ሱለይማን ባለቤት ኹረም ሱልጣን እ.ኤ.አ በ1552 በአል-ቁድስ (ኢየሩሳሌም) ለድሆች፣ ለተማሪዎችና ለመንገደኞች የሚያበላ ታላቅ ወጥ ቤት አቋቋሙ። በዚያው ግቢ መስጂድና የእንግዳ ማረፊያ ክፍሎች ነበሩ። በሰነዱ ላይ ጧት የሩዝ ሾርባ፣ ማታ የስንዴ ሾርባ እንዲቀርብ ተጽፏል። በጁሙዓና በረመዳን ሌሊቶች ግን ሥጋ ያለበት ሩዝና በዛዕፈራን የጣፈጠ ሩዝ ይታከል ነበር። ምግብ አብሳዩ፣ ሳህን አጣቢው፣ ስንዴ መራጩ፣ ሒሳብ ያዡ ደመወዛቸው ተቆርጦ ተመድቧል። የዚህ ሁሉ ወጪ መሸፈኛ ደግሞ በአብዛኛው በፍልስጤም ያሉ መንደሮች የእርሻ ገቢ ነበር። ሥልጣን የነበራቸው እኚህ ሴት ስንዴ ብቻ ልከው ቢሆን ኖሮ ወጥ ቤቱ ከርሳቸው ሞት በኋላ (እ.ኤ.አ 1558) ብዙ ባልቆየ ነበር። መንደሮቹ ከወቅፉ እጅ ከወጡ ዘመን አልፏል፤ ወጥ ቤቱ ግን በአሮጌይቱ ከተማ ውስጥ ዛሬም ምግብ ያድላል።

ነገር ግን ያለፈውን ዘመን በማር ቀብተን አንሸጠው። የተበላሸ ወቅፍ ብዙ ነበር። ናዚሩ፣ ማለትም የወቅፉ ኃላፊ፣ ከመጠን በላይ የበላበት ጊዜ አለ። የሐነፊያ ፉቀሃእ የወቅፍ ቤት ከአንድ ዓመት፣ የእርሻ መሬት ከሦስት ዓመት በላይ እንዳይከራይ የወሰኑት ተከራዩ ቆይቶ ባለቤት ነኝ እንዳይል ነበር፤ ሰዎች ግን የረጅም ዘመን ኪራይ የሚፈቅድ ብልሃት አበጁ፤ በዚያም ቀዳዳ ብዙ ንብረት ሾለከ። አንዳንዱም ውርስን ለማምለጥ ንብረቱን ለዘሩ ወቀፈ። ዑለማእም ራሳቸው ተከራክረዋል፦ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጥሬ ገንዘብን መወቀፍ ይቻላል ወይ በሚለው ላይ የዑስማኒያው ሸይኹል ኢስላም አቡ ሱዑድ ሲፈቅዱ በርጊዊ አጥብቀው ተቃወሙ፤ የገንዘቡ ትርፍ ወደ ወለድ ያዘነብላል የሚል ስጋት ነበራቸው። እኔ በዚህ መስአላ ፈራጅ አይደለሁም። ሱቅና እርሻ ግን ያን ክርክር አያስነሡም።

ከውስጥ የተዳከመውን ከውጭ የመጣው ጨረሰው። በአልጄሪያ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ በ1830 ከገባች በኋላ የወቅፍ ንብረቶችን ወደ መንግሥት ይዞታ አዞረች። ቶክቪል የተባለው የፈረንሳይ ምክር ቤት አባል እ.ኤ.አ በ1847 ባቀረበው ሪፖርት የበጎ አድራጎቱን ገቢ ለሌላ ሥራ እንዳዋሉት፣ ትምህርት ቤቶቹም እንደወደቁና ሙስሊሙ ኅብረተሰብ ከነርሱ መምጣት በፊት ከነበረው ይበልጥ አላዋቂ እንደሆነ አምኗል። ወራሪው ራሱ የመሰከረው ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። አያቶቻችን የወቅፍ ተጠቃሚዎች ነበሩ። በካይሮ በአል-አዝሀር ውስጥ «ሪዋቁል ጀበርት» የሚባል የተማሪዎች ማደሪያ ነበር፤ ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ የሚሄዱ ተማሪዎች የሚያርፉበት። እንደ ሌሎቹ ሪዋቆች ሁሉ ተማሪው የዕለት ዳቦ ራሽኑን የሚያገኘው ከወቅፍ ገቢ ነበር። ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ 1753–1825) የዚህ ሪዋቅ ሸይኾች ከነበሩ ቤተሰብ የወጡ ናቸው። እንግዲህ ከባዕድ አገር እርዳታ መቀበል ነውር ነው የሚል ሰው ካለ ይህን ይመልከት። በእግሩ ተጉዞ ካይሮ የደረሰው ልጅ የበላው ዳቦ ስሙን የማያውቀው ሰው ከዘመናት በፊት ያቆመው ነበር። ልዩነቱ ያ ሰው የላከው ዳቦ ሳይሆን ዳቦ የሚያስገኝ ንብረት መሆኑ ነው።

በአገራችን ከተሞችም ለመስጂድና ለመድረሳ ብለው ቤት የወቀፉ አባቶችና እናቶች ነበሩ። በሐምሌ 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ (ቁጥር 47/1967) ግን ድርጅቶች ለሥራቸው ከሚገለገሉበት ውጭ ያለውን ቤት ለመንግሥት አደረገ። መስጂዱ ቀረ፤ መስጂዱን የሚያኖረው የኪራይ ቤት ሄደ። ምጽዋት ለመለመን በየአደባባዩ ጨርቅ የመዘርጋታችን ታሪክ በከፊል ከዚህ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። ሕጉ በሩን ጨርሶ ዘግቶታል ግን አይባልም፤ በ1992 የወጣው የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ (ቁጥር 188/1992) ወቅፍን ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ፍርድ ቤቶቹ ከሚዳኟቸው ጉዳዮች መካከል በስም ጠርቶታል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚወቀፈው በላዩ የተሠራው ቤት ነው። በሰው መሬት ላይ የተሠራን ሕንፃ መወቀፍ ደግሞ ፉቀሃእ ከጥንት የተነጋገሩበት መስአላ ነውና ከየአካባቢው ዑለማእ መጠየቅ ይቻላል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ወጣቱ ወረቀቱን ሊጽፍ ሲቀመጥ፣ አራተኛውን የመማሪያ ክፍል ለጊዜው ይለፈው። በምትኩ ወደ ገበያው በሚያየው የግቢው አጥር ላይ ሦስት ሱቆች እንዲሠሩ ይጠይቅ። ከወረቀቱ ጋርም አንድ ሰነድ ይያያዝ፦ ሱቆቹ እንደማይሸጡ፣ ኪራዩ መጀመሪያ ለሱቆቹ ጥገና፣ ቀጥሎ ለኡስታዙ ደመወዝ እንደሚውል፣ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ እርሱ ሲሞት ወይም ሲለቅ ማን እንደሚተካው፣ ሒሳቡ በየትኛው ጁሙዓ በጀመዓው ፊት እንደሚነበብ። ኃላፊዋ ሴት ብትሆን የሚገርመው ሰው ካለ የሐፍሷን ነገር ይነገረው። ያችኛዋን ጥያቄ ሲደርስባትም ወጣቱ «በሦስቱ ሱቆች ኪራይ» ብሎ ይጽፋል።