ከበቅሎ እስከ «ቪ ኤይት»፦ የቤተሰብ ፎር ዊል ምርጫ አጭር ታሪክ



የዛሬው ርዕስ ለታሪክ መድረክ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። አንድ መኪና ብቻ የመግዛት አቅም ያለው የሀዋሳ ቤተሰብ አለ እንበል። በሳምንቱ ቀናት ልጆች ትምህርት ቤት ይደርሳሉ፤ በበዓል ደግሞ ወደ ሁላ ወይም ወደ አርቤጎና፣ ከከተማችን በሺ ሜትር ገደማ ከፍ ወዳለው ደጋ፣ ዘመድ ጥየቃ ይወጣል። ይህ ቤተሰብ ጠንካራውንና ቀለል ያለውን ፎር ዊል ይግዛ ወይስ ምቹውንና ባለግርማውን? ጥያቄው የገበያ ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን ታሪካዊ አድርጌ አየዋለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ምርጫ በአገራችን ለቤተሰቡ የተተወበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። በአብዛኛው የተወሰነው በጉምሩክ መጋዘንና በመሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ነው።

ከሞተር በፊት እንጀምር። በቀድሞው ዘመን ለመንገድ የሚመረጠው በቅሎ ነበር። መኳንንቱ ለጦርነት ፈረስ ቢያስከትሉም፣ ረጅሙን ጉዞ የሚጓዙት በበቅሎ ነው፤ ካህናትና ወይዛዝርትም እንዲሁ። በቅሎ ገደል አትፈራም፣ ጥቂት በልታ ብዙ ትሄዳለች፣ እርምጃዋም ለተቀማጩ ይመቻል። ልብ ልትሉልኝ የምፈልገው፣ የባላባቱ በቅሎና የነጋዴው በቅሎ በመሠረቱ አንድ እንስሳ መሆናቸውን ነው። ማዕርግ የሚታየው በግላሱ፣ በመጣብሩና በኮርቻው እንጂ በእግሯ አይደለም። ጠቃሚውና የተከበረው በአንድ አካል ላይ ያድሩ ነበር።

አውቶሞቢል ይህንን አንድነት ለሁለት ከፈለው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለአፄ ምኒልክ መኪና ካመጣ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት መኪና የቤተ መንግሥትና የከተማ ጌጥ ሆኖ ቆየ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሮልስ ሮይስና ሌሎቹ የቤተ መንግሥት አውቶሞቢሎች ክብርን ከመሬት ዝቅ ባለ፣ ረጅምና አንጸባራቂ አካል ላይ አኖሩት። እንዲህ ያለው መኪና ግን ጥርጊያ መንገድ ይሻል። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመውና የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ያበደረው በ1943 ዓ.ም. ነው። ከአውራ ጎዳናው የወጣው አገር፣ ማለትም አብዛኛው ኢትዮጵያ፣ ሌላ ዓይነት ተሽከርካሪ ይጠብቅ ነበር።

ያ ተሽከርካሪ በ1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ለዓለም ታየ። የሮቨር ኩባንያው ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ በነበረው እርሻው ላይ ከጦርነቱ የተረፈ ጂፕ ይጠቀም ነበር፤ ላንድ ሮቨር የተፀነሰው ከዚያ ነው። ብረት በራሽን ስለነበር አካሉ በአሉሚኒየም ተሠራ። እርሻ ላይ የተወለደ ነውና ምቾት የሚባል ነገር አልነበረውም። በጃፓንም ቶዮታ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመሳሳይ ተሽከርካሪ ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ላንድ ክሩዘር የሚለውን ስም ሰጠው።

ሀዋሳ የተቆረቆረችው በዚሁ ዘመን፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የአስተዳደር ጊዜ ነው። ከተማዋ ሜዳ ላይ ትቀመጥ እንጂ የምትኖረው ከበስተ ምሥራቋ ካለው ደጋ በሚወርደው ቡናና እንሰት ነው። በክረምት ያ መንገድ ጭቃ ነበር፤ በአንዳንድ ስፍራ ዛሬም ነው። እንዲህ ባለ አገር ውስጥ ፎር ዊል የሚነዱት እነማን ነበሩ? የመንግሥት ባለሙያ፣ ሚሲዮናዊ፣ የጤና ቡድን። በ1963 ዓ.ም. የተጀመረው የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ሠራተኞች መኪናው እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎና በእግር ይሄዱ እንደነበር የታወቀ ነው። አሮጌዋና አዲሷ በቅሎ በአንድ ዘመቻ ውስጥ ተገናኙ ማለት ይቻላል። ቤተሰብ ግን በዚህ ሥዕል ውስጥ የለም፤ ፎር ዊል የሥራ ዕቃ ነው፤ ቤተሰብ ቢሳፈርበት በአባወራው ሹመት ምክንያት ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተወሰዱ። ያች ትንሽ መኪና የተመረጠችው ሆን ተብሎ ይሁን አይሁን፣ ትርጉሙ ለተመልካቹ ግልጽ ነበር፤ የሮልስ ሮይስ ዘመን አበቃ። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት «ዋዝ» የምንለው ፎር ዊል መጣ፤ ለከተማው ደግሞ ላዳ። የቅንጦት ጉዳይ ከአደባባይ ተወግዶ ነበር፤ ከልብ ተወግዷል ማለቴ ግን አይደለም።

እዚህ ላይ ወደ ውጭው ዓለም አንድ እርምጃ ልውጣ። ሮቨር እ.ኤ.አ. በ1970 ሬንጅ ሮቨርን ሲያወጣ፣ ዛሬ የምናውቀው የቅንጦት መኪና አልነበረም። ሁለት በር ብቻ ነበረው፤ ወንበሩ ፕላስቲክ፣ ወለሉ በውኃ የሚታጠብ ነበር። ከላንድ ሮቨር የለየው በባሌስትራ ፋንታ ሞላ መያዙና ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሩ ነው። አራት በር ያገኘው ከ11 ዓመት በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቆዳውና እንጨቱ እየተደረበበት ሄደ። ቶዮታም ተመሳሳይ መንገድ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ባለ 70 ተከታታይ፣ እኛ «ሃርድቶፕ» የምንለው የሚገኝበት ቤተሰብ፣ እንደ ሥራ ዕቃ ቀጠለ፤ ስቴሽን ዋገኑ ግን በየትውልዱ እየለሰለሰና እየከበረ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2007 «ቪ ኤይት» ሆነ። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል፤ ቪ ኤይትም ስለ ሃርድቶፕ ቢጠየቅ መርሴዲስ አጎቴ ነው የሚል ይመስለኛል።

በኢትዮጵያ ያ ለውጥ የተለየ መልክ ያዘ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የእርዳታ ድርጅቶች ነጭ ላንድ ክሩዘር በየወረዳው ታየ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ተከተሉ። መንገዱ ክፉ ስለነበር ምርጫው ተገቢ ነበር። በቀጣዮቹ ሁለት ዐሥርት ዓመታት አስፋልቱ ሲስፋፋ ግን ሹመኛው ወደ ዝቅተኛው አውቶሞቢል አልተመለሰም፤ ወደ ከፍተኛው ወጣ። ኮድ 4 ታርጋ የለጠፈ ቪ ኤይት የሥልጣን ምልክት ሆነ። ይህ ብልግና ብቻ ነው ብለው የሚተቹ አሉ፤ እኔ ግን የበቅሎ ትዝታም አይበታለሁ፤ ከፍ ብሎ መቀመጥና ገደል አለመፍራት በአንድ አካል ላይ እንደገና ተገናኙ። ልዩነቱ፣ ግላሱን ማውለቅ ይቻል ነበር፤ የቪ ኤይትን ወጪ ግን ማውለቅ አይቻልም።

አሁን ወደ ቤተሰቡ እንመለስ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነውና። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 መሠረት የቤት አውቶሞቢል ሞተሩ እስከ 1,300 ሲሲ ከሆነ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ከሆነ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 100 በመቶ ይከፈልበት ነበር። በዚህ ላይ 35 በመቶ ጉምሩክ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ ይደራረቡ ነበር። ሒሳቡን ብትሠሩት፣ አገር ሲገባ 100 ብር ያወጣ ትንሽ ቪትዝ 222 ብር ገደማ ይሆናል፤ ባለ 2,000 ሲሲ ራቭ ፎር ደግሞ ከ341 ብር ይበልጣል። ባለ 2,700 ፕራዶና ባለ 4,500 ቪ ኤይትም መጣኔያቸው ያው ነው። ሕጉ ከ1,800 በላይ ያለውን ሁሉ በአንድ ዓይን አየ። ለጭቃ መንገድ የሚያስፈልገውን መጠነኛ የቤተሰብ ፎር ዊልና የባለጸጋውን ዙፋን መለየት አልፈለገም፣ ወይም አላሰበበትም። ቪ ኤይቱ በመንግሥት በጀት ወይም በቀረጥ ነጻ መብት ሲገባ፣ ሙሉውን ታክስ ከኪሱ የሚከፍለው ራቭ ፎር የሚገዛው መምህር ወይም የቡና ነጋዴ ነበር። ስለዚህ ብዙው ቤተሰብ ቪትዝ ገዛ፤ ደጋ ሲወጣም መኪናውን ከተማ ትቶ በሕዝብ ማመላለሻ ተጓዘ። ይህንን «የሕዝብ ፍላጎት» ብሎ የሚጽፍ የገበያ ጥናት ባየሁ ቁጥር እገረማለሁ።

የቀረው መውጫ ያገለገለ መኪና ነበር። ዕድሜ የጠገበ ፕራዶ ወይም ቪታራ ከነጉድለቱ ይገዛል፤ ጉድለቱን የሚሸፍነው ጋራዥ ነው። ኤሌክትሮኒክስ የሌለው ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተርና ባሌስትራ በአነስተኛ ከተማ ጋራዥ ይጠገናሉ፤ የቪ ኤይት ሁለት ተርቦና የኮምፒውተር ሥርዓት ግን መመርመሪያ መሣሪያና ንጹሕ ናፍጣ ይሻሉ። መካኒኩ የሚያውቀው መኪና ይሸጣል፤ የማያውቀው ይቆማል። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 የተሽከርካሪውን ዕድሜ የታክስ መለኪያ ሲያደርግ ይህም በር ጠበበ። ለአየርና ለደኅንነት የተሰጠው ምክንያት ተገቢ ነው፤ ሸክሙ ግን የወረደው አዲስ መግዛት በማይችለው ላይ ነው።

ጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ዛሬ በሀዋሳ ጎዳናዎች የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ቁመናቸው የፎር ዊል ነው፤ የሚነዱት ግን በሁለት ጎማ ነው። ከተማ ውስጥ ርካሽና ጸጥተኛ ናቸው፤ በክረምት ወደ ሁላ ስለመውጣታቸው መካኒኮቻችንና ባለቤቶቻቸው ገና በመማር ላይ ናቸው። የቀረው ጠንካራ ፎር ዊል የሚገኘው ከሁለተኛ እጅ ገበያ ብቻ ስለሆነ ዋጋው እየናረ ነው። አንድ ጊዜ የእርሻ ዕቃ የነበረው፣ በብርቅነቱ ብቻ የቅንጦት ዕቃ ሊሆን እየተቃረበ ነው።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አንድ ሥራ ልጠቁም፦ የከተማችን የቆዩ ጋራዦች የጥገና ደብተር። የትኛው ቤተሰብ የትኛውን መኪና ለስንት ዓመት እንደያዘ፣ ስንት ጊዜ ባሌስትራ እንዳስቀየረ የሚያሳይ ሰነድ ከዚያ የተሻለ የሚገኝ አይመስለኝም፤ ደብተሮቹም በዘይት ተነክረው ከመጣላቸው በፊት መሰብሰብ አለባቸው። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።