ያልፈነዱ ተተኳሾችን ማጽዳት በኢትዮጵያ

ያልፈነዳ ተተኳሽ የሚባለው ተተኩሶ፣ ተወርውሮ ወይም ከአየር ተጥሎ መፈንዳት ሲገባው ሳይፈነዳ የቀረ የጦር መሣሪያ ነው። የመድፍና የሞርታር ቅንቡላ፣ የእጅ ቦምብ፣ ሮኬትና የክላስተር ቦምብ ፍሬ ሁሉም በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ከተቀበረ ፈንጂ ጋር አብሮ ቢጠራም ችግሩ ሌላ ነው። ፈንጂ በዕቅድ ስለሚቀበር ብዙውን ጊዜ በረድፍ ይገኛል፤ የቀበረው ጦር ካርታ ይዞለት ሊሆንም ይችላል። ተተኳሽ ግን የወደቀበትን ቦታ ማንም አይመዘግብለትም።

ቅንቡላ የማይፈነዳው በአብዛኛው በፊውዙ ምክንያት ነው። ፊውዙ ሲተኮስ ይከፈታል፤ ጠንካራ ነገር ሲመታ ደግሞ በውስጡ ያለውን ፈንጂ ይቀሰቅሳል። የተመታው መሬት ክረምት ያራሰው ማሳ ወይም ረግረግ ከሆነ ምቱ ይለዝብና ሳይፈነዳ ይቀራል። እንዲህ የቀረ ተተኳሽ ከአዲሱ ይበልጥ ያሰጋል፦ መክፈቻው አልፏል፣ ቀሪው መነካት ብቻ ነው። ብረቱ ቢዝግም በውስጡ ያለው ፈንጂ ለአሥርተ ዓመታት ኃይሉን አያጣም።

በኢትዮጵያ ቅሪቱ የአንድ ጦርነት ብቻ አይደለም። ከ1928 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ ጀምሮ፣ በ1969–70 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት፣ በደርግ ዘመን የሰሜን ውጊያዎችና በ1990–92 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት እየተደራረበ መጥቷል። በግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. መቀሌ አይደር ትምህርት ቤት አካባቢ የተጣለው የክላስተር ቦምብ ከሁሉ ይበልጥ የሚታወሰው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ ጥናት 1,492 ማኅበረሰቦች በፈንጂና በተተኳሽ ቅሪት የተጎዱ ሆነው ተመዝግበዋል፤ ትግራይ፣ አፋርና ሶማሌ ክልሎች ጫናው የበረታባቸው ነበሩ።

የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች በዚህ ታሪክ የሚገቡት በጉና ተራራና በወልድያ–ወረታ መንገድ ምክንያት ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና ዙሪያውን የሚገዛ ስፍራ በመሆኑ በደርግ መጨረሻ ዓመታት ጦር ተፋልሞበታል፤ የካቲት 1983 ዓ.ም. የተጀመረው የኢሕአዴግ ዘመቻ ቴዎድሮስም በዚሁ አቅጣጫ አልፏል። በትግራዩ ጦርነት ወቅት፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም.፣ ደግሞ የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ ከነሐሴ 6 እስከ 15 በትግራይ ኃይሎች እጅ ቆይታለች። ነሐሴ መሬቱ የሚርስበት ወር ነው፤ ለፊውዝ መክሸፍ ከዚህ የተመቸ ጊዜ አይገኝም።

ምድሩም ሥራውን ያከብደዋል። ከጉና የሚነሣው ውኃ በርብና በጉማራ ወደ ጣና፣ በሌላ ወገን ወደ በሽሎና ዓባይ ይወርዳል። ገደላማ አገር ላይ ጎርፍ አፈር ሲሸረሽር የተቀበረውን ያወጣል፤ ቀላሉን ደግሞ ይዞ ይወርዳል። አምና የተፈተሸ የወንዝ ዳር ዘንድሮ እንደ አዲስ ሊታይ የሚገባው ለዚህ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በመጠየቅ ነው። አጣሪዎች እረኞችን፣ ገበሬዎችንና ተዋጊ የነበሩ ሰዎችን አነጋግረው ምሽግ የት እንደነበረ፣ መድፍ ከየት ወደ የት እንደተኮሰ፣ ከብት የት እንደሞተ ይመዘግባሉ። አንድ እረኛ የሚያውቀውን ማንኛውም መሣሪያ ላያገኘው ይችላል። ቀጥሎ አምካኙ የፊት መከላከያና ጋሻ ሰደርያ ለብሶ አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው መስመር ይገባል። የብረት መፈለጊያው ሲጮኽ ተንበርክኮ አፈሩን ከጎን በኩል በቀስታ ይጠርጋል። ለጩኸቱ ሰበቡ አብዛኛውን ጊዜ የጥይት ቀለህ፣ ምስማር ወይም የማረሻ ስባሪ ነው፤ ጊዜውን የሚበላውም ይኸው ነው። አደገኛው ወሰን በቀይ፣ የጸዳው በነጭ ድንጋይ ይለያል።

የተገኘ ተተኳሽ እንደ ደንቡ አይነሣም። አካባቢው ከሰውና ከከብት ይጸዳል፣ በአሸዋ ጆንያ ይከለላል፣ ፈንጂ ተለጥፎበት ባለበት ይመክናል። ከቤት ወይም ከትምህርት ቤት አጠገብ ሲሆን ብቻ፣ ፊውዙ ከተመረመረ በኋላ፣ ሊዛወር ይችላል። ከባለሙያ በፊት የሚደርሱት ልጆችና ቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢዎች በመሆናቸው ትምህርት መስጠት የማጽዳቱ ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ በሌላ አገር በባሕር ወለል ላይም ተመሳሳይ ሥራ አለ። በሰሜን ባሕርና በባልቲክ የጀርመን ክልል ብቻ 1.6 ሚሊዮን ቶን ያህል የጦር መሣሪያ ቅሪት እንዳለ ይገመታል። የነፋስ ኃይል ማመንጫ ከመተከሉ በፊት መርከብ ማግኔቶሜትር እየጎተተ ወለሉን ይፈትሻል፤ በርቀት የሚመራ መሣሪያ ደግሞ የተጠረጠረውን ይመለከታል። እዚያም የባሕር ሞገድ አሸዋውን እያንቀሳቀሰ ቅሪቱን ይሸፍናል፣ ይገልጣል። ከቦርኩም ደሴት አጠገብ የተሠራው ሪፍጋት የተባለ ማመንጫ በ2013 እ.ኤ.አ. ቢጠናቀቅም የኤሌክትሪክ ገመዱ መስመር በቅሪት ምክንያት ስለዘገየ፣ ተርባይኖቹ ከጥቅም ውጭ እንዳይሆኑ በናፍጣ ጄኔሬተር ሲታገዙ ቆይተዋል።

በኢትዮጵያ ሥራውን እንዲመራ የፈንጂ ማምከን ጽሕፈት ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ በኋላ ኃላፊነቱ ወደ መከላከያ ሚኒስቴር ተዛውሯል። አገሪቱ የኦታዋውን የፀረ ሰው ፈንጂ ስምምነት በ1997 እ.ኤ.አ. ፈርማ በ2004 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። የማጽጃው ቀነ ገደብ ከ2015 ወደ 2020፣ ከዚያም ወደ 2025 እ.ኤ.አ. ተራዝሟል። የስምምነቱ ግዴታ ግን የሚመለከተው ፀረ ሰው ፈንጂን ነው፤ እንደ ጋይንት ባለ አገር የሚገኘው ቅንቡላ በዚህ ቀነ ገደብ አይቆጠርም።

የጸዳ መሬት ለቀበሌው በጽሑፍ ርክክብ ይደረጋል። በሰነዱ ላይ የተፈተሸው ጥልቀት መጻፍ አለበት፦ ሌላ መረጃ ከሌለ ብዙ ጊዜ 13 ሴንቲ ሜትር ይወሰዳል። ለፀረ ሰው ፈንጂ ይህ ይበቃ ይሆናል፤ ለስላሳ ማሳ ላይ የወደቀ የመድፍ ቅንቡላ ግን ከዚያ በታች ሊሰምጥ ይችላል፤ ተደጋግሞ በሚታረስ ማሳም ማረሻው እስከዚያ ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ የእርሻ መሬት ጥልቀት ከገበሬው ጋር በስምምነት ይወሰናል፤ ከርክክብ በኋላ የሚገኝ ነገር ደግሞ በቀበሌ በኩል እንደ አዲስ ጥቆማ ይመዘገባል።