የላቲን ቅዳሴ በኮንጎ ከበሮ

ወንጌል ወደ አዲስ አገር በገባ ጊዜ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱና አስቸጋሪው የዜማ ነገር ነው። ቃልን አስተርጓሚ ከአንዱ ልሳን ወደ ሌላው ያሻግረዋል፤ ዜማን የሚያሻግር አስተርጓሚ ግን አልተገኘም። መምህሩ ከአገሩ ይዞት የመጣው ዜማ አለው፤ ሕዝቡም በልቅሶውና በደስታው ጊዜ የኖረበት ዜማ አለው። የመምህሩን ብቻ ቢቀበሉ ሕዝቡ በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ እንግዳ ሆኖ ይቀራል፤ የሕዝቡን ያለ ምርመራ ቢያስገቡ ደግሞ የዘፈን ሜዳና ቤተ መቅደስ ይደባለቃሉ ተብሎ ይፈራል። ይህ ነገር እንዴት እንደ ተፈተነ የሚያስረዳ ታሪክ በኮንጎ አገር ይገኛል፤ እርሱም ሚሳ ሉባ የተባለው ቅዳሴ ነው። ሚሳ በላቲን ቅዳሴ ማለት ሲሆን፥ ሉባ በካታንጋና በካሳይ የሚኖር ታላቅ ሕዝብ ስም ነው። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞም ነገሩ በደቡብ አሜሪካ ታይቶ ነበር። በ1631 ዓ.ም. ኹዋን ፔሬዝ ቦካኔግራ የተባለ ቄስ በሊማ ከተማ ባሳተመው መጽሐፍ፥ በፔሩ ተወላጆች ቋንቋ በኬችዋ ለእመቤታችን የተደረሰ መዝሙር በአራት ድምፅ ተሰናድቶ ወጣ። በአሜሪካ ምድር በማተሚያ ከታተሙት የብዙ ድምፅ መዝሙሮች የመጀመሪያው ይህ ነው። ኋላም ኢየሱሳውያን የተባሉት መነኮሳት በፓራጓይና በቺኪቶስ ባቋቋሟቸው መንደሮች ተወላጆቹን መዝሙርና የመሣሪያ ሥራ አስተማሩ። በሮም ኦርጋን ይመታ የነበረው ጣልያናዊው ዶሜኒኮ ዚፖሊ በ1717 ዓ.ም. ባሕር ተሻግሮ፥ በ1726 ዓ.ም. በኮርዶባ እስኪሞት ድረስ የደረሳቸው ዜማዎች ወደ እነዚያ መንደሮች ደረሱ። በ1767 ዓ.ም. የእስፓኝ ንጉሥ ኢየሱሳውያንን ከግዛቱ ባባረረ ጊዜም ተወላጆቹ ዜማውን አልጣሉትም፤ የጽሕፈቱን ክርታስ እየጠበቁ ለልጅ ልጅ አቈዩት። ሐንስ ሮት የተባለ የስዊስ አገር መሐንዲስ በ1972 ዓ.ም. በኮንሴፕሲዮን ቤተ ክርስቲያን እድሳት ላይ ሳለ ከ5000 በላይ የሆኑ የዜማ ገጾች አገኘ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ድምፁና እጁ የአገሬው ሲሆኑ የዜማው ሕግ የአውሮፓ ነበረ።

ወደ አፍሪካ ሲመለሱ ደግሞ ሌላ እንቅፋት ይገኛል። የሮም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ በኅዳር 22 ቀን 1903 ዓ.ም. ስለ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ባወጡት ትእዛዝ፥ የጎርጎርዮስ ዜማ ለሌላው ሁሉ አብነት እንዲሆን አዘዙ። እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱን የዜማ ጠባይ ለቅድስናው አስገዝቶ ሊያገባ እንደሚችል ቢፈቅዱም፥ ፒያኖን፥ ከበሮንና ጸናጽልን የመሳሰለውንም ጯሂ መሣሪያ ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ከለከሉ። ለአውሮፓ ይህ ክልከላ የቲያትርን ጩኸት ከመቅደስ ለማራቅ የተሰጠ ነበረ። ለኮንጎ ሰው ግን ከበሮ ልደትንና ሞትን የሚያውጅ፥ ከመንደር ወደ መንደር ቃል የሚያደርስ ነውና፥ ከበሮው በደጅ ሲቀር ከኑሮው ብዙው አብሮት በደጅ ቀረ። ፒዮስ 12ኛ በታኅሣሥ 25 ቀን 1955 ዓ.ም. በጻፉት መልእክት መምህራኑ የሕዝቡን የመዝሙር ፍቅር ችላ እንዳይሉ በመከሩ ጊዜ፥ በሩ ጥቂት ተከፈተ።

በዚያ ዘመን በካታንጋ በካሚና ከተማ ጊዶ ሃዘን የሚባሉ የቤልጅግ ተወላጅ፥ የፍራንቸስኮስ ማኅበር መነኵሴ ያስተምሩ ነበር። ወደ ኮንጎ የመጡት በ1953 ዓ.ም. ነው። ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አራት ዓመት የሆናቸውን 45 ያህል ልጆችና 15 ያህል መምህራን ሰብስበው የመዘምራን ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩም በቤልጅግ ንጉሥ በቦድዌን ስም ተጠራ። መነኵሴው የአገሩን ዜማ አዳምጠው ለመዘምራኑ ነጻነት ሰጡ። የላቲኑ ቃል ሳይለወጥ፥ መሪው ሲያነሣ ተቀባዮቹ እየመለሱ፥ ከበሮው እየደገፋቸው ዜማው በልምምድ ተወለደ። ሲጀመር በኖታ የተጻፈ አልነበረም፤ በቃል የተያዘ ነበር እንጂ። በ1958 ዓ.ም. ቅዳሴው በካሚና ተዘመረ፤ በዚያው ዓመት መዘምራኑ ወደ አውሮፓ ተሻግረው አሰሙት፤ ድምፃቸውም በሸክላ ተቀርጾ በብዙ አገር ተሰማ።

የዚህ ቅዳሴ ብርታት እያንዳንዱ ጸሎት ከሚስማማው የአገር ዜማ ጋር በመጋጠሙ ነው። ምሕረት የሚለመንበት ኪርያላይሶን ካሳላ በተባለው የሉባ ሙሾ ስልት ይዜማል፤ ሙታንን የሚያለቅሱበት ድምፅ ኃጢአትን ለማልቀስ ዋለ። ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ የሚለው ምስጋና ከስንብት ዜማ ተወሰደ፤ ሆሣዕናው ደግሞ በካሳይ የጭፈራ ምት ይነሣል። በጸሎተ ሃይማኖት ስለ ጌታ መሰቀል በሚነገርበት ስፍራ የሞት መርዶ የሚነገርበት የከበሮ አመታት ይሰማል። ላቲን የማያውቅ የመንደር ሽማግሌ እንኳ ያን ምት ሲሰማ አንድ ታላቅ ሰው መሞቱን ያውቃል። ስብከት በብዙ ቃል የሚደክምበትን ነገር ከበሮው በጥቂት ምት አደረሰው።

ተቃውሞ ግን አልቀረም። አንደኛው ወገን ምቱ የጭፈራውንና የጥንቱን አምልኮ ትዝታ ይዞ ይገባል ብሎ ሰጋ። ሁለተኛው ወገን ከዚህ በተቃራኒ ቆሞ ለውጡ አነሰ አለ፤ ሕዝቡ በራሱ ዜማ የማያውቀውን ልሳን ከዘመረ ግማሽ መንገድ ብቻ ተጕዟልና። ሦስተኛም የፍትሕ ጥያቄ ነበረ፤ ዜማው ከመዘምራኑ ልብና ከአባቶቻቸው ልማድ ወጥቶ ሳለ በሸክላውና በመጽሐፉ ላይ ጐልቶ የተጻፈው የመነኵሴው ስም ነው። መነኵሴው ባይኖሩ ሥራው እንዳልተጀመረ እሙን ነው፤ መዘምራኑ ባይኖሩ ግን የሚጀመር ነገር አልነበረም። ኮንጎ በሰኔ 30 ቀን 1960 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ እነዚህ ጥያቄዎች ይበልጥ በረቱ።

ሮምም መልስ ሰጠች። የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ በታኅሣሥ 4 ቀን 1963 ዓ.ም. ባወጣው ድንጋጌ፥ የራሳቸው የዜማ ልማድ ያላቸው ሕዝቦች ልማዳቸው እንዲከበርና በአምልኮ ውስጥ ተገቢ ስፍራ እንዲሰጠው አዘዘ። በማግሥቱ ዓመት በአርጀንቲና አሪኤል ራሚሬዝ ሚሳ ክሪዮላ የተባለውን ቅዳሴ በእስፓኝ ቋንቋና በአገሩ ምት ደረሰ። በኮንጎም የኪንሻሳው ሊቀ ጳጳሳት ካርዲናል ጆሴፍ ማሉላ ከሌሎች ጳጳሳት ጋር ብዙ ደክመው፥ ቋንቋውም ዜማውም የአገሬው የሆነበት የቅዳሴ ሥርዓት በ1988 ዓ.ም. ከሮም ጸደቀላቸው። በታኅሣሥ 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በሮም በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ሥርዓት ቀደሱ። እንግዲህ በፔሩ ልሳን ተለውጦ ዜማ ቀረ፤ በካሚና ዜማ ተለውጦ ልሳን ቀረ፤ በኪንሻሳ ሁለቱ ተገናኙ።

ለኢትዮጵያ ካህን ከበሮ ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር እንግዳ ይመስለዋል፤ ከቅዱስ ያሬድ ዜማ ጋር ከበሮና ጸናጽል፥ መቋሚያም በማኅሌቱ ሲያገለግሉ ኖረዋልና። ነገር ግን የካሚና ታሪክ የሚጠይቀውን ይህም ልማድ ይመልሳል። ከበሮው በቤተ ክርስቲያን የሚመታው እንደ መቺው ፈቃድ አይደለም፤ መቼ ዝግ ብሎ እንዲመታ፥ መቼ እንዲፋጠን በሥርዓት ተወስኖለታል፤ በዐቢይ ጾም ጊዜም ዝም ይላል። በዓል ሲደርስ የሚናገር፥ ጾም ሲገባ የሚታገሥ መሣሪያ ሥርዓት ተምሯል ማለት ነው። የካሚና ልጆችም የመርዶውን ምት ለጌታ ስቅለት ባዋሉት ጊዜ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ከአባቶቻቸው የተቀበሉትን ድምፅ ሳይንቁ የሚያገለግልበትን ስፍራ አሳዩት። የሕዝብን ዜማ ወደ መቅደስ ለማስገባት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ያ ዜማ በሕዝቡ ልብ ምን እንደሚናገር ይመርምር፤ ከዚያም በኋላ ለየትኛው ጸሎት እንደሚገባ ያውቃል።